ሁለተኛው ጫማ

«ያቺን አሻንጉሊት ደግሞ ጫማዋን አደረግኩላትና ቀና አድርጌ አስቀመጥኳት» አለች ፋሲካ፣ ከምድር ቤት ያወጣቻቸውን አራት ታጣፊ ወንበሮች ግድግዳው ላይ እያስደገፈች። «አንድ እግሯ ባዶ፣ ወገቧ ተጣሞ! በለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ ደስ አይልም።»

ኣልኣሚን የያዘው የሻይ ብርጭቆ ተንቀጫቀጨ። እጁስ ድሮም ይንቀጠቀጣል፤ ሐኪሙ የበሽታውን ስም ከነገረው ሦስት ዓመት አልፎታል። የአሁኑ ግን ሌላ ነበር።

«ነካሻት?»

«ጋሽ ኣልኣሚን፣ ምነው? ጫማዋን ነው እኮ ያደረግኩላት!»

ሰውየው ብርጭቆውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ይርገፈገፍ ጀመር። የአስመራ ልጅ ነው፤ ዕድሜውን በጀርመን አገር ሽትራሰንባን፣ የከተማ ትራም፣ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ የሟቹ የወልደማርያም የሠላሳ ዓመት ወዳጅ። ወልደማርያም ከሞተ አራተኛ ቀኑ ነው። በእነዚህ ቀናት ሁሉ ኣልኣሚን ዓይኑ ደርቆ፣ ሰው እያስገባ፣ ካፖርት እየተቀበለ ነበር የሚውለው። አሁን እንዲህ ሲሆን ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ከኡንተርሊደርባህ ሰፈር የመጡት አዛውንት አቶ ገሰሰ ወደ ጎናቸው ጠጋ ብለው «አሁን ገና ገባው» አሉ በሹክሹክታ።

የሟቹ ሚስት ሮማነወርቅ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ ሆና ሁሉንም ሰማች። አሻንጉሊት የሚለው ቃል ጆሮዋ ሲገባ ግን ፊቷ በኀፍረት ጋለ። ለምን ቢባል፣ ቃሉን መጀመሪያ ያመጣችው እሷ ናት።

ነገሩ የሆነው ከአምስት ዓመት በፊት በገና ዕለት ነው። ወልደማርያም ያኔ ሬንተ፣ ማለትም ጡረታ፣ ከወጣ ዓመት አልሞላውም። ቦከንሃይም ሰፈር ውስጥ በአንድ ላቦራቶሪ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠራ የኖረ፣ አንዷን ክራንቻ ጥርስ መብራት ሥር አስቀምጦ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያገላብጥ የሚውል ሰው ነበር። እንግዶቹ በልተው ጠግበው «እንዲያው ወልዴ ከሥራ ወጥቶ ቀኑን እንዴት ይገፋዋል?» ብለው ቢጠይቁ፣ እሷ አፏን አልያዘችም። «ምን ችግር አለው፣ ኬለር ወርዶ አሻንጉሊት ይጫወታላ!» አለች። ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ወልደማርያምም አብሮ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ስለ ኬለሩ፣ ስለዚያ ምድር ቤት፣ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ቁልፉ ከበሩ ጀርባ ካለው ማንጠልጠያ ወደ ኪሱ ገባ። ከሰዓት በኋላ ኣልኣሚን ይመጣል፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ይወርዳሉ፣ ማታ ራት ላይ ይወጣሉ። እሷም አትለምነኝ አልለምንህ ብላ ዘጋችው። እውነቱን ለመናገር፣ ይቅርታ መጠየቅ ከብዷት ብቻ አልነበረም፤ የቆየ ቂም ነበረባት። ለማያውቀው ሰው ጥርስ ያን ያህል ዓይን ያለው ባል፣ በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳር አንድ ቀን ቀና ብሎ አላያትም። «አላየኸኝም እኮ» ስትለው «አየሁሽ እንጂ» ይላል፤ ይኸው ነው መልሱ። አሁን ደግሞ ሞተ። ያያት እንደሆነ የምትጠይቀው ሰው የለም።

«ምንድን ነው ያበላሸሁት? ንገሩኝ እንጂ!» ትላለች ፋሲካ፣ ልታለቅስ ደርሳ።

ምን ታድርግ። የለቅሶ ቤት ባለቤት በገዛ ቤቱ እንግዳ ነው። ድስቱን ሌላ ሰው ያወርደዋል፣ ስልኩን ሌላ ሰው ያነሳዋል፣ ቁም ሣጥኑን ሌላ ሰው ይከፍተዋል። «ተዉ» ማለት ደግሞ ነውር ነው፤ ሁሉም የሚደረገው ለእሱ ተብሎ ነዋ። ፋሲካ ከሥራ ዕረፍት ወስዳ ከሪድበርግ ሰፈር በየቀኑ እየተመላለሰች ይህን ቤት ቀጥ አድርጋ ይዛዋለች። ወንበር አነሰ ሲባል የሟቹን ካፖርት ኪስ ፈትሻ ቁልፉን አገኘች፣ ወረደች፣ የተጣመመውን አቃናች። ማንም የኛ ሰው ቢሆን የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

«ምስል ነገር ይቀርጻል ሲባል ሰምቼ ነበር» አሉ አቶ ገሰሰ፣ አሁንም ዝግ ባለ ድምፅ። «ሥዕልስ ደግ። ቅርጽ ግን ... እንጃ።»

ሮማነወርቅ ኣልኣሚንን በዓይኗ ጠራችው። መጥቶ ፍራሹ ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለ።

«ምን ነበር የምትሠሩት?» አለችው።

«ፊልም።»

«በአሻንጉሊት?»

«ወላሂ፣ እኔ ብነግርሽ ይበላሻል። ማየት አለብሽ።» ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ስድስት ሳምንት ሙሉ በዚያች አኳኋን ነበረች፣ ሮማን። አንድ ጫማዋን አውልቃ፣ እጇን ወደ ሁለተኛው ልትሰድ ስትል። ካቆመችበት ነው የሚቀጠለው፤ የፀጉር ያህል ከተነቃነቀች ፊልሙ ተበጠሰ ማለት ነው። ወልዴ አንድም ሰው በሩን እንዳይከፍት ብሎኝ ነበር። ቁልፉን ከኪሱ ማውጣት ረሳሁት፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አሁን እንዴት ልውረድ? ሐዘንተኛ ቦታዋን ለቃ ምድር ቤት ወረደች ይሉኛል።»

«ነገ እሑድ አይደል? ሰዉ ሁሉ ቅዳሴ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ቅዳሴ የለብኝም» አለ ኣልኣሚን፤ ከአራት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሊል ሞከረ።

ቀብሩ ገና ነበር። በዚህ አገር ለመቀበርም ቴርሚን፣ የተያዘ ቀጠሮ፣ ያስፈልጋል፤ የወልደማርያም ቴርሚን ለሚቀጥለው ሐሙስ ነው። ስለዚህ ለቀስተኛው ያለቅሳል፣ ይደክመዋል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ስለ ቤት ኪራይ ያወራል፣ አዲስ ሰው በር ላይ ሲጮኽ ደግሞ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሮማነወርቅም አብራ ታለቅሳለች። ያን ዕለት ግን እንባዋ አልመጣ አላት። ልቧ ምድር ቤት ወርዶ ቀርቷል።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ቤቱ ባዶ ሆነ። ልጇ ሕሊና እንኳ በመጨረሻ ካፖርቷን እየለበሰች «ማማ፣ ዱ ሙስት ሽላፈን» አለቻት፣ መተኛት አለብሽ ማለቷ ነው። «እሺ እተኛለሁ» አለች ሮማነወርቅ፣ ለልጅ በሚዋሽ ድምፅ። በሩ ሲዘጋ ጥቁር ነጠላዋን አጣፍታ ከኣልኣሚን ጋር ወረደች።

ምድር ቤቱ የጎረቤት ሁሉ ነው፤ በጣውላ የተከፋፈለ፣ የብስክሌትና የልብስ ሳሙና ሽታ ያለው። የእነሱ ክፍል በጥቁር ጨርቅ ተጋርዷል። ኣልኣሚን ጨርቁን ገለጠና አንዲት ትንሽ መብራት አበራ።

ሮማነወርቅ በመጀመሪያ ያየችው ቤቷን ነበር።

ጠረጴዛው ላይ የገዛ ኮሪደሯ ቆሟል፤ ከፍታው ሁለት ስንዝር ቢሆን ነው። ከዓመታት በፊት ልጠው የጣሉት ባለ ቢጫ ቅጠል የግድግዳ ወረቀት አለ። የመብራት ቆጣሪው ሣጥን አለ። ካፖርት መስቀያው ላይ የምስር ፍሬ በምታክል ቁልፍ የተቆለፈ አረንጓዴ ካፖርት ተንጠልጥሏል። ዝቅ ያለችው በርጩማ ጥግ ላይ ናት፤ አንድ እግሯ ስለሚያጥር ከሥሩ የታጠፈች ካርቶን ተሸጉጣለች። የታጠፈች ካርቶን! የጥፍር ያህል! ሮማነወርቅ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

በርጩማዋ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች።

ፊቷን ገና ሳታየው ትከሻዋን አወቀችው። ግራው ከቀኙ ዝቅ ያለ ነው፤ በሌሊት ነርስነት የተሸከመችው የሆስፒታል ቦርሳ ሃያ ስድስት ዓመት ያዘነበለው ትከሻ። ከዚያ አንገቷን፣ ከዚያ በፀጉር ማስያዣ የተያዘውን ፀጉር፣ ከዚያ ከዓይኖቿ ሥር ያለውን እብጠት አየች።

«እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ ነሽ።»

«ኧረ በስመ አብ! ይሄን ሁሉ በእጁ?»

«በእጁ። አጥንቷ ሽቦ ነው፣ መገጣጠሚያዋ ሁሉ ይታጠፋል። ሥጋዋን በዚያው በጥርስ ሙያው፣ በሰም ነው የሠራው። ይህን ደግሞ እይው።» ኣልኣሚን የጥርስ ናሙና የሚቀመጥበት፣ በትንንሽ ክፍል የተከፋፈለ ሣጥን ከፈተ። በየክፍሉ አንዳንድ አፍ ተኝቷል። ሃያ ሦስት አፎች፣ እያንዳንዳቸው ከጤፍ ጥቂት የሚበልጥ ልዩነት ብቻ ያላቸው። ከሥራቸው በወልደማርያም ደቃቅ ጽሕፈት ተጽፏል። ሮማነወርቅ መነጽሯን አደረገችና አነበበች። «ሲደክማት»። «ስታዛጋ»። «ሰው ሞቶባት ስትመጣ»። «ልትናገር ብላ ስትተወው»።

ይህን የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ልትናገር ብላ የተወችው ስንት ነገር ነበር። እሷ ብቻ የምታውቀው ይመስላት ነበር።

«ምነው ሐውልት ብቻ ሠርቶ ቢተወው?» አለች፣ ዓይኗን ከሣጥኑ ሳታነሳ።

«እኔም ጠይቄዋለሁ። 'ሐውልት ካደረግኳት ተገትራ ትቀርብኛለች' አለኝ። 'ታዲያ በካሜራ አንሳት' አልኩት። 'ያኔ አላነሳኋት፣ አሁን ያ ጠዋት ከየት ይመጣል? ያለፈውን ካሜራ አያገኘውም። እጄ ግን ያስታውሰዋል። እጄ ይሥራት፣ ካሜራው ያስኪዳት' አለ።» ኣልኣሚን የኮምፒውተሩን ክዳን አነሳ። «የመርፌ ጫፍ ያህል ይገፋታል፣ ትንፋሹን ይዞ ዞር ይላል፣ እኔ ቁልፉን እጫናለሁ፣ አንድ ፎቶ። እንደገና ይገፋታል። ለአንድ ሰከንድ አሥራ ሁለቴ። ሦስት ደቂቃ ለመሥራት አራት ዓመት ፈጀብን። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ፊልሙ ጀመረ።

በሩ ተከፈተ። ሴትዮዋ ገባች። ሽቦ አልነበረችም፣ ሰም አልነበረችም፤ ከናኽትዲንስት፣ ከሌሊት ተራ፣ የመጣች፣ ሌሊቱን ቆማ ያደረች ሴት ነበረች። ቁልፉን መጀመሪያ ዐይታ ነው ያስቀመጠችው። በግራ እጇ ግድግዳውን ተደገፈች፤ ክብደቷ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ይታወቃል። በርጩማዋ ላይ ቁጭ ስትል ጉልበቷን ያዘች፣ ከዚያ ዝም ብላ ቆየች። ካፖርቷ ደረቷ ላይ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ ከፍ አለ።

«ትተነፍሳለች!» አለች ሮማነወርቅ፣ እሷ ራሷ መተንፈስ ረስታ። እንዴት እንደተሠራች ኣልኣሚን አሁን ነግሯታል፤ ሽቦውን በዓይኗ አይታዋለች። ግን ማወቅ ምንም አልረዳትም። አንድ ሰው ተቀምጦ አንዷን ትንፋሽ ሠላሳ ቦታ ከፋፍሎ፣ እያንዳንዷን በጣቱ ገፍቶ ሰጥቷታል። እግዚአብሔር እንኳ አዳምን አንዴ ነው እፍ ያለበት፣ ብላ አሰበችና ራሷን በሐሳቧ ገሠጸች።

ሴትዮዋ አጎንብሳ የቀኝ ጫማዋን ክር ፈታች። ጫማው ወለቀ። በዚህ ጊዜ ከጀርባዋ አንድ ሱሪና አንድ የሥራ ቦርሳ ብቅ አለ። ወልደማርያም ነው፤ ከወገቡ በላይ አይታይም። ወደ በሩ ለመሄድ እግሯን ተሻገረ። እንዲህ ነበር በእርግጥ፤ እሷ ስትገባ እሱ ይወጣል፣ በመሃል ያላቸው አሥር ደቂቃ ነው፣ እሱም ሁልጊዜ እግሯን ተሻግሯት ይሄዳል። ለዚህ ነበር ቂም የያዘችው።

በፊልሙ ግን ሰውየው ከተሻገራት በኋላ ቆመ። ጎንበስ አለ፤ ፊቱ አሁን ገና ወደ ፊልሙ ገባ። ያጎነበሰችውን ሚስቱን፣ ማጅራቷን፣ ባዶ እግሯን፣ እጇን አየ። ለረጅም ጊዜ አየ። እጁን ወደ ትከሻዋ ዘረጋ፣ ሰዓቱን አየ፣ እጁን መለሰ። ከዚያ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ሴትዮዋ ቀና አላለችም። ፊልሙ እዚያ ላይ ቆመ።

ሮማነወርቅ አለቀሰች። በአምስት ቀን ውስጥ ለሰው ሳይሆን ለራሷ ስታለቅስ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ሳጎነብስ ነበር የሚያየኝ» አለች። «ሳጎነብስ! እኔ ደግሞ ቀና ስል አጣዋለሁ። ምናለ አንድ ቀን ቢናገር! ምናለ እኔስ ያን ቀን አፌን ብይዝ!»

ኣልኣሚን አላባበላትም። አልቅሳ እስክትጨርስ ጠብቆ «ስድስት ሳምንት የቆምንበት ምክንያት ይህ ነው» አላት። «ሁለተኛውን ጫማ አያውቀውም። 'ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን አላየሁትም፣ ትራሟ ታመልጠኛለች ብዬ ስወጣ ገና አንዱን ነው ያወለቀችው፤ በግምት አልሠራውም' አለ። 'እሷን ጠይቃታ' አልኩት። 'እጠይቃታለሁ' ይላል፣ ይወጣል፣ በማግስቱ ሲመጣ 'አልጠየቅኳትም' ይላል። እንደገና ትስቅብኛለች ብሎ ፈርቶ ይሆናል።»

ሮማነወርቅ ዓይኗን ጠረገች። በርጩማዋ ላይ ያለችው ትንሿ ሴት፣ ፋሲካ እንዳስቀመጠቻት፣ ሁለቱንም ጫማዋን አድርጋ፣ ቀጥ ብላ፣ ፎቶ ሊያነሷት እንደተቀመጠች ሰው ወደፊት ታያለች። ጨዋ ሆናለች። የደከማት ግን አትመስልም።

«መመለስ ይቻላል?» አለች።

«የመጨረሻው ፎቶ እዚህ ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ጥላ ሆኖ ይታያል። አሁን ያለችው ከጥላው ጋር ልክ ከገጠመች፣ ምንም እንዳልተበጠሰ ሆኖ ይቀጥላል። ግን በምን እጅ? በዚህ?» ኣልኣሚን መዳፎቹን ዘረጋላት። ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ።

ሮማነወርቅ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ መስቀያ ፈልጋ ሰቀለችው። እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ሃያ ስድስት ዓመት በደብዛዛ መብራት የሽማግሌ ደም ሥር ስፈልግ ያደርኩ ሰው ነኝ» አለች። «የት ጋ ልያዛት?»

የቀኙን ጫማ ማውለቅ ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ወገቧ። «ወደ ግራ። ኧረ በዛ! መልሺ። አሁን ክርኗን» ይላል ኣልኣሚን፣ ዓይኑን ከጥላው ሳይነቅል። ጣቷ ሥር የሽቦው መገጣጠሚያ ሲታዘዛት ይሰማታል፤ ጠንከር ያለ፣ ከዚያ እሺ የሚል። ወልደማርያም ጣቱን ያሳረፈበት ቦታ ሁሉ በመጠኑ ልስልስ ብሏል፤ ማጅራቷ ላይ፣ ትከሻዋ ላይ፣ ከጉልበቷ በታች። እሷም ጣቷን እዚያው እዚያው ታሳርፋለች። በመጨረሻ ኣልኣሚን ትንፋሹን ለቀቀ። ጥላውና ሴትዮዋ አንድ ሆነዋል።

«አሁን ሁለተኛው ጫማ» አለ። «እንዴት ነበር?»

«ክሩን አልፈታውም። ያ እግሬ ስለሚያብጥ ማጎንበስ አልችልበትም። በባዶው እግሬ ጣት ተረከዙን ገፋ አደርገዋለሁ፤ እምቢ ይለኛል፣ ደግሜ እገፋዋለሁ።»

«ምስኪን!» አለ ኣልኣሚን። «ወልዴ በእጅሽ ነው የምታወልቂው ብሎ ነው እኮ እጅሽን ወደዚያ የላከው።»

«ይሁና። እጄን ልሰድ ስል ያመኛል፣ እመልሰዋለሁ።»

እንዲያ አደረጉት። እጇ ሄደች፣ ጉልበቷ ጋ ስትደርስ ተመለሰች። የአፉን ሣጥን ከፍታ «ሲደክማት» የሚለውን መረጠች። ጫማው አንዴ እምቢ አለ፣ በሁለተኛው ወለቀና ወለሉ ላይ በጎኑ ተኛ። ስንት ፎቶ እንደተነሣ አልቆጠረችም። ከላያቸው የብዙ ሰው ኮቴ ተሰማ፣ ከዚያ የፋሲካ ድምፅ በደረጃው ላይ፤ «እትዬ ሮማን! እትዬ ሮማን የት ገቡ? ሰው እኮ መጥቷል!»

«መጡ» አለ ኣልኣሚን።

«ይቀመጡ።»

«ከዚህስ በኋላ? ጫማሽን አወለቅሽ። ትተኛለሽ?»

ሮማነወርቅ መልሱን ለማንም ተናግራው አታውቅም። ለወልደማርያምም።

«አልተኛም። ወጥ ቤት ገብቼ በመስኮቱ አየዋለሁ። መንገዱን ተሻግሮ ፌርማታው ጋ እስኪደርስ፣ ትራሟ መጥታ እስክትወስደው። ዝናብም ይሁን በረዶ። አንድም ቀን ዞር ብሎ ወደ ላይ አላየም።»

ኣልኣሚን ከኮምፒውተሩ ቀና አለ። «ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም።»

ኮቴው ደረጃውን መውረድ ጀምሯል። ሮማነወርቅ በጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ በሌባ ጣቷ ጫፍ የትንሿን ሴት አገጭ ከሥሩ ነካ አድርጋ ቀና አደረገቻት፤ ከዚያ የፀጉር ያህል ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት አቅጣጫ አዞረቻት። እጇን አነሣች።

«ተጫን» አለችው።